የቤልሚሮ አውራ ጣት

ሞተሩን የገጠምኩ እኔ ነኝ፤ አልክድም፣
በሰው እጅ ሥራ እንጂ በገዛ እጄ አልፈርድም።

ከብራጋንሳ ከተማ በጭነት መኪና
ሁለት ሰዓት ተጉዤ በተራራ ጎዳና
ሳንታ ኦቪዳ ገባሁ፤ የድንጋይ መንደር ናት፣
ሠላሳ አንድ ጭስ ማውጫ፣ አራት ብቻ እሳት።

የደብሩ ደወል ያኔ ገመድ ነበረው፣
ገመዱም ቤልሚሮን፣ ቤልሚሮም እርሱን ነው
አርባ ዓመት የያዘው፤
ማን ማንን እንደጎተተ እንጃ፣ ማን ለየው።
ለወንድ ሟች ሦስት ምት፣ ለሴት ሟች ሁለት ምት፣
ለወይኑ በረዶ፣ ለድርቆሹ እሳት
ያለ ቁጥር ጥድፊያ፤ ሰው ያውቃል ፍቺውን፣
ከእንቅልፉ ሳይነቃ ያነሳል ባልዲውን።

አውራ ጣቱን አየሁ፦ እንደ ማጭድ ታጥፎ
አይዘረጋም ከእንግዲህ፤ ቀርቷል ገመድ አቅፎ።

«ይኼ ሳጥን» አልኩት «ሰዓቱን ያውቃል፣
ከሰማይ ሳተላይት ደቂቃ ይጠይቃል፣
አይታመም፣ አይሰክር፣ ክረምት አይበርደው።»
ራሱን ነቀነቀ። «ጎረቤትስ አለው?»
አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ አብሬው፣
መሰርሰሪያ ይዤ፣ ግድግዳውን በስቼው።

«ድሮ ማር ነበረ» አልልም፤ ውሸት ነው።
ዴዎሊንዳ ባሏን ትታ ስትመለስ፣ የመንደሩ ዓይን ነው
አምስት ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ኋላ የቀጣት።
ያው ዓይን ግን ደግሞ
የወተት ጣሳዋን ከደጇ ሦስት ቀን ቢያጣት
በሯን ገንጥሎ ገብቶ ከወለል ያነሳት።

ቤልሚሮ በኅዳር ሞተ። ማን ይደውልለት?
ሳጥኑ የሞት ምት እንዲያውቅ አልተሞላለት።
ዜናው በስልክ ወጣ፤ ከፓሪስ፣ ከሉክሰምበርግ፣ ከዳር እስከ ጫፍ
አርባ ሦስት ቢጫ ፊት አለቀሰ በረድፍ።
አስከሬን ለመሸከም፣ ስድስት ትከሻ ለመሰለፍ
አራት ሽማግሌ ተገኘ፤
አምስተኛው ቄሱ፣ ስድስተኛው እኔ፣
ባትሪ ልቀይር የመጣሁ፣ ከነመፍቻዬ።

ዕድር ነበር ነገሩ፤ ከፊቱ ‘ዕ’ን ጥለው
ድር ብቻ አድርገው ሸጡልን፣ እኛም ገዛን ብለን «አዲስ ነው»።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ ነበር፤ ይኼኛው ድር
እኛኑ አሰረን ለየብቻ፣ አንበሳው በደጅ ሲዞር።

በየካቲት ሌሊት፣ ነፋስ ይሁን መብረቅ፣
ሳጥኑ አበደና ጀመረ ሲደልቅ፣
ያለ ቁጥር፣ በጥድፊያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
(ይህን እንኳ አላየሁም፤ አልሲና ናት የነገረችኝ።)
ዴዎሊንዳ ባልዲ ይዛ፣ ኩስቶዲዮ በአንድ እግር ጫማ፣
ሌላው በጨለማ
ብርድ ልብሱን እየጎተተ፤ እነዚያም ከሆላንድ መጥተው ቤት የገዙት፣
ዓመት ሙሉ ሰላምታቸውን ከመስኮት ኋላ የያዙት።
እሳት ፈለጉ፤ የለም። ሟች ፈለጉ፤ ሁሉም አለ።
ተያዩ። አንዱ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሌላው ዘለለ።
አንዱ ጠርሙስ አወጣ፣
ብርጭቆ ሳይበቃ፣ ስም ሲጠያየቁ፣ ጎህ መጣ።

በማግስቱ ደወሉልኝ፦ «ተበላሽቷል፣ ቶሎ ና!»
መጣሁ። መሰላል ላይ ቆሜ፣ መፍቻው በእጄ፣ ገና
ብሎኗን ሳልነካት
አንድ ነገር መጣብኝ፣ እስከ ዛሬም ያልፈታሁት፦
ደወሉ ነው የጠራቸው ወይስ ብልሽቱ?
ቢስተካከል ኖሮ ይተኙ ነበር በየቤቱ።
ግን የእኔ ዋስትና ለዚህ አይከፍልም።
አጠበቅኳት። እንደገና እላለሁ፤ አልክድም።

መኪናዬ ጋ ስደርስ ስልኬ ብልጭ አለች፣
ዴዎሊንዳ ነበረች፤ አንድም ቃል አልጻፈች።
አንዲት አውራ ጣት ብቻ፣ ቢጫ፣ ቀጥ ያለች፣
ገመድ የማታውቅ፣
አንድም ቀን ያልጎበጠች።